ማህበራችን የወለል ዋጋ ቢያወጣ ምን ችግር አለው?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ወደ አርባ የምንጠጋ አነስተኛ ነጋዴዎች ነን። ሥራችን አንድ ዓይነት ነው፣ ማህበርም አለን። አባላት ደንበኛ ለመሳብ ዋጋ እየሰበሩ ሁላችንም ልንከስር ደርሰናል። ኮሚቴው የወለል ዋጋ ይውጣ፣ ከዚያ በታች የሸጠ ይቀጣ ብሏል። እኛ ለመኖር እንጂ ለመበልጸግ አይደለም። ትልልቆቹ እንደፈለጉ ዋጋ ሲያወጡ ማን ጠየቃቸው? ህጉ እኛንም ይመለከታል? ደግሞስ ያዋጣል? እኔ ጸሐፊው ነኝ፣ ቃለ ጉባኤውን እንዳዘጋጅ እየተጠበቀ ነው።»

ከመጨረሻው ልጀምር። ቃለ ጉባኤው ላይ የሚሰፍረው ውሳኔ ገና አልተወሰነም ከሆነ፣ እንዳይወሰን አድርጉ። ተወስኖ ሳይጻፍ ይቅር ማለቴ አይደለም። በአፍ የተደረገ ስምምነትም ስምምነት ነው፣ ሳይጻፍ ቢቀር ህጋዊ አይሆንም።

ህጉ እናንተን ይመለከታል? አዎ። ያዋጣል? አብዛኛውን ጊዜ አያዋጣም። ለምን እንደማያዋጣ ከህጉ ይልቅ ረዘም አድርጌ እነግርዎታለሁ። ምክንያቱም «ህጉ ይከለክላል» የሚል መልስ ብቻ ይዘው ወደ ስብሰባ ቢገቡ የሚሰማዎት ሰው አይኖርም።

ቢሆንም ህጉን እናንሳው። የውድድር ህግ ያላቸው አገሮች አብዛኞቹ በተወዳዳሪዎች መካከል የሚደረግን የዋጋ ስምምነት ከከባድ ጥፋቶች ተርታ ያስቀምጡታል። የደቡብ አፍሪካ የ1998 ህግ፣ የህንድ የ2002 ህግ፣ የኬንያ የ2010 ህግ ሁሉም እንዲህ ናቸው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ሦስቱም ደግሞ በድርጅቶች መካከል የተደረገን ውል ብቻ አይደለም የሚያዩት። የማህበር ውሳኔንም በስም ጠቅሰው ያስገቡታል። የኬንያው ህግ ለንግድ ማህበራት የተለየ አንቀጽ አለው። ማህበሩ ስለ ዋጋ፣ ስለ ትርፍ ህዳግ ወይም ስለ ሽያጭ ሁኔታ ለአባላቱ የሚሰጠውን ምክር ሳይቀር ያግዳል። ስለዚህ «ግዴታ አይደለም፣ ምክረ ዋጋ ነው» የሚለው የተለመደ ማምለጫ እዚያ አይሠራም።

«ትንሽ ነን» የሚለውም እንደዚያው ነው። ብዙ አገሮች ለአነስተኛ ድርጅቶች አንዳንድ ህጎችን ያላላሉ፤ የዋጋ ስምምነት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ምህረት ውጭ ነው። በሜክሲኮ የቺያፓስ ግዛት ያለችው ፓሌንኬ ትልቅ ከተማ አይደለችም። የአገሪቱ የውድድር ባለስልጣን ግን እዚያ ድረስ ወርዶ ዋጋ የተስማሙ የቶርቲያ (የበቆሎ ቂጣ) ሻጮችን ቀጥቷል።

እርስዎን ይበልጥ የሚመለከተው የህንዱ ጉዳይ ይመስለኛል። በምዕራብ ቤንጋል ግዛት የመድኃኒት ነጋዴዎች ማህበር አለ። አባላቱ በአብዛኛው ባለ አንድ ሱቅ ናቸው። ማህበሩ ማንም ቸርቻሪ ዕቃው ላይ ከታተመው ከፍተኛ ዋጋ ቅናሽ እንዳያደርግ ከለከለ። ቅናሽ የሚያደርጉትን እያሳደዱ የሚይዙ ተቆጣጣሪዎች አሰማራ። የተያዙት ለቅጣት ሱቃቸውን እንዲዘጉ ተደረገ። የህንድ የውድድር ኮሚሽን በ2014 ውሳኔ ሲሰጥ ማህበሩን ብቻ ቀጥቶ አላበቃም። የአመራር አባላቱንም በየስማቸው ቀጣ። ጸሐፊ ማለት እንግዲህ የአመራር አባል ነው። ኮሚቴው «ከዚያ በታች የሸጠ ይቀጣ» ሲል ያሰበው ዘዴ ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ከዚህ የከፋም አለ። በቺሊ የዶሮ ሥጋ አምራቾች በማህበራቸው አማካይነት የምርት ኮታ ተከፋፍለው ተገኙ። ፍርድ ቤቱ በ2014 ድርጅቶቹን ከቀጣ በኋላ ማህበሩ ራሱ እንዲፈርስ አዘዘ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በቀጣዩ ዓመት አጸናው። እነዚያ ግዙፍ ድርጅቶች ናቸው፣ ከእናንተ ጋር አላወዳድራቸውም። ነገር ግን የማህበር ህልውና በዚህ ምክንያት ሊያበቃ እንደሚችል ማወቁ አይከፋም። በደቡብ አፍሪካ ደግሞ ከ2016 ጀምሮ በካርቴል (ተወዳዳሪዎች ዋጋ ወይም ገበያ ለመወሰን በሚያደርጉት ስምምነት) የተሳተፈ ሥራ አስኪያጅ እስከ 10 ዓመት ሊታሰር ይችላል።

እዚህ ላይ እውነቱን እንነጋገር። በታዳጊ አገሮች ያሉ የውድድር ባለስልጣናት ሰውም ገንዘብም ያጥራቸዋል። ስብሰባችሁን የሚከታተል መርማሪ ላይኖር ይችላል። ብዙ ማህበራት ለዓመታት ዋጋ ሲወስኑ ኖረው ማንም አልነካቸውም። ታዲያ አደጋው ከየት ይመጣል? ከውስጥ ነው። የቀጣችሁት አባል፣ ያባረራችሁት አባል፣ «አትግባ» ያላችሁት አዲስ ነጋዴ ቅጣቱን የያዘውን ደብዳቤ ይዞ ይሄዳል። በእጁ ያለው ማስረጃ ደግሞ ማህተማችሁ ያረፈበት ነው።

«የአካባቢው ጽሕፈት ቤት ያውቃል፣ ኃላፊው ጥሩ ነው ብሎናል» የሚል ነገርም በተደጋጋሚ እሰማለሁ። መንግሥት ራሱ በህግ ዋጋ ሲተምን ሌላ ጉዳይ ነው። አንድ ኃላፊ በቃል ያደረገው ይሁንታ ግን ነገሩ ሲፈተሽ ጋሻ አይሆናችሁም። ያን ጊዜ ኃላፊውም ምን ማለቱ እንደነበር አያስታውስም።

አሁን ወደ ሂሳቡ። አንድ ዕቃ 80 ያስወጣችኋል እንበል። ገበያው ተሰብሮ 90 እየሸጣችሁ ነው። ኮሚቴው «ከ100 በታች የለም» አለ። በአንድ ዕቃ የምታገኙት ከ10 ወደ 20 ዘለለ። ወረቀት ላይ ደስ ይላል። ሽያጫችሁ በግማሽ ቢወርድ እንኳ ያው የድሮ ትርፋችሁ አለ።

ችግሩ የሚጀምረው በማግሥቱ ነው። አንድ አባል በ97 ቢሸጥ በአንድ ዕቃ 17 ያገኛል። የጎረቤቶቹን ደንበኞች ደግሞ ይጠቀልላል። ይህን ለማድረግ ያለው ፈተና ከስምምነቱ በፊት ከነበረው ይበልጣል። ቀድሞ በ90 ገበያ ላይ ዋጋ መስበር ብዙ አያተርፍም ነበር፣ አሁን ያተርፋል። የወለል ዋጋ ዋጋ መስበርን ከማጥፋት ይልቅ ትርፋማ ያደርገዋል ማለት ነው። ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ ስቲግለር በ1964 ያብራራው ይህንኑ ነው። ስምምነት የሚቆየው አጭበርባሪውን ቶሎ ማወቅ ሲቻል ነው። ሻጩ በበዛ ቁጥር ማወቁ ይከብዳል። አርባ ደግሞ ብዙ ነው።

ማጭበርበሪያው ደግሞ አያልቅም። ዋጋው 100 ተብሎ ይለጠፋል፣ ነገር ግን ትራንስፖርቱ በነጻ ይሆናል። ወይም «ምርቃት» ይጨመራል። ወይም ዱቤው ይራዘማል። ወይም ያለ ደረሰኝ በ92 ይሄዳል። ኮሚቴው ይህን ሁሉ ሊቆጣጠር ከተነሳ ማህበሩ የንግድ ማህበር መሆኑ ይቀርና የአባላት ፖሊስ ይሆናል። ዋጋ የወሰኑ ማህበራት ውስጥ መጀመሪያ የሚፈርሰው መተማመን ነው። ሰው ስለ ሥራው ማውራት ያቆማል። ለስልጠና፣ ለመድን፣ ለብድር ዋስትና ይጠቅም የነበረው ያ ማህበር ስብሰባው ሁሉ ክስና መልስ ይሆናል።

አባል ያልሆኑትስ? አነስተኛ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ ለመጀመር ብዙ ካፒታል አይጠይቅም። ዋጋው 100 ሲደርስ ከማህበሩ ውጭ ያለ ሰው «እኔም ልሞክረው» ይላል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሻጩ ሃምሳ አምስት ይሆናል፣ ገዢው ግን ያው ነው። እያንዳንዱ አባል ያነሰ ይሸጣል። ማህበሩ አዲስ ገቢውን ለመከልከል ከተነሳ ደግሞ ህጉ የሚጠላው ሁለተኛ ጥፋት ተጨመረ።

ይህን ስል ስምምነት ፈጽሞ አይሠራም ማለቴ አይደለም። ሁለት ተመራማሪዎች በኬንያ የገጠር ገበያዎች በቆሎ የሚነግዱ ሰዎችን አጥንተው በ2020 ውጤቱን አሳትመዋል። የነጋዴዎቹን ወጪ በድጎማ ሲቀንሱላቸው ከቅናሹ ለሸማቹ የደረሰው 22 በመቶው ብቻ ነበር። አዲስ ነጋዴ እንዲገባ ገንዘብ ሲሰጡም ዋጋው ብዙ አልወረደም። እነዚህ በየገበያው ያሉ ጥቂት የሚተዋወቁ ነጋዴዎች ናቸው እንጂ ኩባንያዎች አይደሉም። ስለዚህ በትንሽ ገበያ፣ ሁሉም ሁሉን በሚያይበት ቦታ ትንንሽ ነጋዴዎችም እንደ አንድ ሻጭ ሊሆኑ ይችላሉ። ሲሳካም ሂሳቡን የሚከፍለው እንደ ነጋዴው ዝቅተኛ ገቢ ያለው ገዢ ነው። «እኛ ድሃ ነን» ለሚለው ክርክር ይህ የማይመች እውነት ነው። ከእናንተ የሚገዛው ማን እንደሆነ ራሳችሁ ታውቁታላችሁ።

በእኔ ግምት ግን ትልቁ ስህተት ያለው ሌላ ቦታ ነው። ኮሚቴው ችግሩን እየፈለገ ያለው በሽያጩ በኩል ነው። እኔ የምጠረጥረው የግዢውን በኩል ነው።

ያቺ 80 ከየት መጣች? የጥሬ ዕቃው አቅራቢ ስንት ነው? አንድ ወይም ሁለት ከሆነ፣ ከወለል ዋጋው የሚገኘው ትርፍ እናንተ ጋር አይቀመጥም። አቅራቢው ገበያው 100 እንደቻለ ያያል። 80ውን 86 ያደርገዋል። አከራዩም ኪራይ ሲታደስ የራሱን ድርሻ ይጠይቃል። በመጨረሻ ዋጋችሁ ጨምሯል፣ ገዢያችሁ ቀንሷል፣ የህግ አደጋው በእናንተ ስም ነው፣ ገንዘቡ ግን ሌላ ሰው ኪስ ነው። አርባ ሰው ተሰባስቦ ለአቅራቢው ሲሠራ ማለት ነው።

በተቃራኒው አስቡት። በጋራ ገዝታችሁ 80ውን ወደ 75 ብታወርዱት በ90 እየሸጣችሁ ትርፋችሁ ከ10 ወደ 15 ይሄዳል። ግማሽ ያህል ጭማሪ ነው። ገዢ አይሸሽም። ቀጪ አያስፈልግም። ሰው ከማህበሩ የሚቀረው ተፈርቶ ሳይሆን ስለሚያዋጣው ነው።

የደቡብ አፍሪካውን የዳቦ ጉዳይ የማነሳው ለዚህ ነው። በ2006 መጨረሻ በዌስተርን ኬፕ ግዛት ዳቦ ከፋብሪካ ወስደው የሚያከፋፍሉ ትንንሽ ነጋዴዎች ተቸገሩ። ትልልቆቹ ጋጋሪዎች በአንድ ሰሞን ዋጋ ጨመሩ። ለአከፋፋዮቹ የሚሰጡትን ቅናሽም ቀነሱ። አከፋፋዮቹ ተሰብስበው «እኛም በጋራ ዋጋ እንጨምር» ማለት ይችሉ ነበር። የተፈጥሮ ስሜቱ እሱ ነው። እነሱ ግን ለውድድር ኮሚሽኑ አቤት አሉ። ምርመራ ተጀመረ። ፕሪሚየር ፉድስ የተባለው ኩባንያ ቀድሞ ተናዘዘና ከቅጣት ነጻ ሆነ። ታይገር ብራንድስ በ2007 ወደ 99 ሚሊዮን ራንድ ለመክፈል ተስማማ። ፓዮኒር ፉድስ ተከራክሮ በ2010 ወደ 196 ሚሊዮን ራንድ ተቀጣ። ትንንሾቹ ነጋዴዎች ከላይ የተቀመጠውን ካርቴል አጋለጡ። እርስዎ «ትልልቆቹን ማን ጠየቃቸው?» ብለው ነበር፤ አንዳንዴ እንዲህ ይጠየቃሉ።

የእናንተም አቅራቢዎች በአንድ ሳምንት፣ በተመሳሳይ መጠን ዋጋ የሚጨምሩ ከሆነ ቀኑንና ደብዳቤዎቹን ሰብስቡ። ይህ በራሱ ስምምነት አለ ማለት አይደለም። ዓለም አቀፍ ዋጋ ወይም ምንዛሪ ሲለወጥ ሁሉም ሳይነጋገር አብሮ ሊጨምር ይችላል። በዚያው ልክ እናንተም ግብዓት ሲወደድባችሁ እያንዳንዳችሁ በየራሳችሁ ሂሳብ ዋጋ ብትጨምሩ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ ተነጋግሮ መጨመሩ ነው። ማህበሩ ግን የአቅራቢውን ሰነድ ይዞ አቤት ማለት፣ መንግሥትን ስለ ታክስ ወይም ስለ ማስመጫ ፈቃድ መወትወት ይችላል። ማህበር የተፈጠረው ለዚህ ነው።

አሁን ስለ ዋጋ ሰባሪው አባል ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም እሱን ጠላት አድርጋችሁታል። ከወጪው በታች የሚሸጥ አነስተኛ ነጋዴ ብዙ ጊዜ ተንኮለኛ አይደለም። ወጪውን አያውቀውም። የጥሬ ዕቃውን ብቻ ይቆጥራል። የራሱን ጉልበት፣ የሚስቱንና የልጆቹን ጉልበት፣ የማሽኑን እርጅና፣ የሚበላሸውን ዕቃ፣ በዱቤ ወጥቶ የማይመለሰውን ገንዘብ አይደምርም። ማታ ላይ እጁ ላይ ገንዘብ ስላለ ያተረፈ ይመስለዋል። ከስድስት ወር በኋላ ማሽኑ ሲሰበር ነው መክሰሩን የሚያውቀው። እስከዚያ ግን የሁላችሁንም ዋጋ ጎትቶ አውርዶታል።

ይህን ሰው ቅጣት አያስተካክለውም። ስሌት ያስተካክለዋል። ማህበሩ የወጪ አያያዝ ስልጠና ይስጥ። ባዶ ቅጽ አዘጋጅቶ ያድል። እያንዳንዱ አባል ቤቱ ሄዶ የራሱን ቁጥር ይሙላ። ዋጋውንም ራሱ ይወስን። ብዙዎቹ ቅጹን ሲሞሉ ደንግጠው ዋጋቸውን በራሳቸው ያስተካክላሉ። መስመሩ ግን ቀጭን ነው። ዘዴውን ማስተማር ይቻላል። የተሞላውን ቅጽ ሰብስቦ «የጋራ ወጪያችን ይህ ነው፣ ስለዚህ ዋጋው…» ማለት ሲጀመር ወደ ስምምነት ተሻገራችሁ። ቅጹ ላይ የትርፍ መጠን አስቀድሞ ታትሞ ከወጣም ያው ነው።

የዋጋ መረጃ መለዋወጥ ራሱ ምን እንደሚያደርግ ለማሳየት የዴንማርክን ታሪክ እወደዋለሁ። ታዳጊ አገር ባይሆንም ትምህርቱ ለሁሉም ነው። በ1993 የአገሪቱ የውድድር ባለስልጣን ውድድር ይጨምራል ብሎ የኮንክሪት ሻጮችን እውነተኛ የሽያጭ ዋጋ ማሳተም ጀመረ። ዋጋው በአንድ ዓመት ውስጥ ከ15 እስከ 20 በመቶ ጨመረ። ሻጮቹ እርስ በርስ መተያየት ስለቻሉ ቅናሽ ማድረግ አቆሙ። ይህ በበጎ ሐሳብ፣ በመንግሥት እጅ የሆነ ነው። በማህበር የቴሌግራም ግሩፕ ላይ በየጠዋቱ «ዛሬ ስንት እየሸጣችሁ ነው?» የሚለው መልዕክት ምን እንደሚመስል እንግዲህ ገምቱ።

አንድ ነገር ላይ ከጥያቄዎ ጋር እስማማለሁ። አርባ ቅርንጫፍ ያለው አንድ ኩባንያ ለአርባውም አንድ ዋጋ ቢያወጣ ማንም አይናገረውም። አርባ ሰዎች ያንኑ ቢያደርጉ ካርቴል ናቸው። ይህ ያበሳጫል፣ የሚያበሳጨውም በከንቱ አይደለም። ህጉ የሚያየው ውሳኔ ሰጪው አንድ ነው ወይስ ብዙ የሚለውን ነው። ኩባንያው ካፒታሉን፣ ኪሳራውን፣ መጋዘኑን አዋህዷል። አርባዎቹ ያዋሃዱት ዋጋውን ብቻ ነው። እኔ ይህ መከራከሪያ ሙሉ በሙሉ አያረካኝም፣ ለትልቁ ያደላል። ነገር ግን በሩን ያሳያል። በእርግጥ ከተዋሃዳችሁ ህጉ ሌላ ዓይን አለው።

ለምሳሌ አሜሪካ ከ1922 ጀምሮ ገበሬዎች በኅብረት ሥራ ማህበር አማካይነት ምርታቸውን በጋራ እንዲሸጡ በህግ ፈቅዳለች። የደቡብ አፍሪካው ህግ አንቀጽ 10 ትንንሽ ድርጅቶች ተወዳዳሪ እንዲሆኑ የሚያግዝ ስምምነት አስቀድሞ ተጠይቆ ከክልከላው ነጻ እንዲደረግ ያስችላል። ኬንያም የነጻ ማድረጊያ ሥርዓት አላት። ቁልፉ ሁለት ነው፦ ፈቃዱን አስቀድሞ መጠየቅ፣ እና ከዋጋው ጋር ሌላ እውነተኛ የጋራ ሥራ መኖሩ። የጋራ ማከማቻ፣ የጋራ ማጓጓዣ፣ የጋራ የጥራት ምልክት፣ አንድ ሆኖ ትልቅ ትዕዛዝ መውሰድ። ጨረታ ላይ ግን ተጠንቀቁ። በሽርክና አንድ ሰነድ ማስገባት አንድ ነገር ነው። «ይህን አንተ ውሰድ፣ ያኛውን እኔ» ተባብሎ ለየብቻ መግባት ግን በብዙ አገር ከዋጋ ስምምነቱ እኩል ወይም በባሰ ያስቀጣል።

የጋራ ግዢውም ቢሆን ግዢውን ብቻ ይመለከት። እያንዳንዱ አባል ከወሰደ በኋላ የሚሸጥበትን ዋጋ ማህበሩ አይጠይቅ፣ ግዢ የሚያካሂደው ሰው የአባላትን መሸጫ ዋጋ ባያውቅ ይመረጣል።

ቀጣዩ ስብሰባ ላይ ስለዚህ አጀንዳውን ለውጡት። «የወለል ዋጋ» የሚለው ወጥቶ «የጋራ ግዢና የወጪ አያያዝ» ይግባ። አንድ አባል ስለ ዋጋ ካነሳ ሰብሳቢው ያስቁመው፣ ማስቆሙም በቃለ ጉባኤው ይስፈር። ውይይቱ ከቀጠለ ተቃውሞዎን ተናግረው፣ አስመዝግበው ይውጡ። ዝም ብሎ መቀመጥ እንደ መስማማት የሚቆጠርባቸው አገሮች አሉ።

ከዚህ በፊት የተወሰነ ዋጋ ካለና እየተሠራበት ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። የሰረዛችሁበትን ደብዳቤ ለአባላት ከመበተናችሁ በፊት የውድድር ህግ የሚያውቅ ጠበቃ አማክሩ። ብዙ አገሮች ቀድሞ ቀርቦ ለሚናገር ቅጣት ይምራሉ ወይም ይቀንሳሉ፣ ምህረቱ በሙሉ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ ለመጀመሪያው ነው። ግሩፑ ላይ ያሉትን የቆዩ መልዕክቶችም ማንም እንዳያጠፋ ይንገሩ። ማስረጃ ማጥፋት በብዙ ቦታ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው።